በረዶ የጣለ ቀን የተረጎምኩት ፊልም

ስሞቹን ቀይሬአለሁ፤ የቀረው እንደሆነው ነው። ለመጻፍ ይህን ያህል የዘገየሁት ነገሩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። የሌላ ሰው ሞትና ሕይወት ያለበትን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ያስፈራል። አሁን ከማንም በላይ የሚመለከተው ሰው ራሱ «ጻፊው» ስላለኝ ጽፌዋለሁ።

ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ መካነ ሰላም እናቴ ቤት ተመልሼ የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ዓይናፋር ነኝ። ይህን የምለው እንደ ጨዋነት እንድትቆጥሩልኝ አይደለም፤ ለእኔ ከበሽታ አይለይም። ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ቀና ብሎ ካላየኝ ሳሙናውን ሳልገዛ እመለሳለሁ። ለሥራ ተወዳድሬ የጽሑፉን ፈተና አልፌ ቃለ መጠይቁ ላይ የወደቅሁት መልሱን አጥቼ አልነበረም። ፈታኞቹ ፊት ለፊቴ ተደርድረው ሲያዩኝ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ቪዲዮ ቤት አላቸው። ሰው ሁሉ በስልኩ ፊልም በሚያይበት ዘመን ቪዲዮ ቤት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። በአዘቦት ቀን እውነትም ወና ነው። በገበያ ቀን ግን ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው አህያውን አስሮ፣ የሸጠውን ሸጦ፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት አንድ ፊልም ማየት ይወዳል። የሚፈልገውም የሚተረጎምለት ፊልም ነው፤ ፊልሙ እየሄደ አንድ ሰው ማይክ ይዞ የእያንዳንዱን ንግግር እየተከተለ በአማርኛ የሚናገርለት። የቀድሞው ተርጓሚ ሥራ አግኝቶ ደሴ ሲሄድ ጋሽ ሰይድ እኛ ቤት መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚያ ዲግሪሽ ዱቄት ልትነፊበት ነው?»

«ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ ጋሼ።»

«ማን ሰው ፊት አለሽ? መጋረጃ እሰቅልልሻለሁ። አንቺ ታያቸዋለሽ፣ እነሱ አያዩሽም። ወላሂ እንደ ሙሽራ ነው የማስቀምጥሽ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ከስክሪኑ ጎን፣ ጥጉ ላይ፣ ወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀሉልኝ። በአንድ በኩል ስክሪኑን አያለሁ፣ በጨርቁ ስንጥቅ ደግሞ ሰዉን። እዚያ ስቀመጥ ድምፄ ይወጣል። ያስገርመኝ ነበር። የማላውቃት ደፋር ሴት በእኔ አፍ እየተናገረች ይመስለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙዎቹ ተመልካቾች ድምፁ ከአዲስ አበባ ተቀድቶ የመጣ ይመስላቸው ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው እንዳለ ካወቁ በኋላም ማን እንደሆንኩ አያውቁም ነበር።

አንድ ደንብ ነበረኝ። ፊልሙን ቀድሜ ሳላይ አልተረጉምም፤ ስድብ አለዝባለሁ እንጂ ያልተባለ ነገር አልጨምርም። የዚያን ሳምንት ግን መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ የመጣው በገበያው ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ጋሽ ሰይድ ፍላሹን ሰክተው ቀዳሚውን ሥዕል እያዩ ነበር።

«የቆየ ካውቦይ ነው» አሉኝ። «ሰው ገድለው ተራራ ላይ የሸፈቱ ወንድማማቾች ናቸው አሉ። የኛ ሰው ሽፍታ ሲያይ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል።»

«ሳላየው እንዴት ልተርጉመው?»

«አብረሽ እያየሽ ነዋ። አብሽሪ።»

እሺ አልኩ። እምቢ ለማለትም ድምፅ ያስፈልጋል።

ፊልሙ በነጭ ተራራ ጀመረ። ሁለት ወንድማማቾች ከብት ያለው አንድ ሀብታም ገድለው ሸሽተዋል። በረዶ የለበሰ ጫካ ውስጥ የግንድ ጎጆ ሠርተው፣ አውሬ እያደኑ ይኖራሉ። ሰዎቹ ቃላቱን እያላመጡ ስለሚናገሩ ግማሹን በግምት ነበር የምከተለው። ታላቁ ወንድም «አክተሩ» ነው። በቪዲዮ ቤት ዋናው ሰው ስም የለውም፤ አክተሩ ነው፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም።

«ይሄ ብርድ ከአቀስታ ይብሳል» አለ ከመካከል አንዱ።

«አቀስታን ተዋት፤ እዚያ ቢያንስ ገብስ አለ። እነዚህ ምን ሊበሉ ነው?»

«ፀጉራሙን ኮት ይበሉታላ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ከመጋረጃዬ ጀርባ ሳቅሁ። በዚህ መካከል የመጋረጃው ጠርዝ ተገለጠና እትዬ ዘነቡ ገባች። በሩ ላይ ተቀምጣ የመግቢያ ሂሳብ የምትቀበለው እሷ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ፍቅርተ፣ ማይኩን አጥፊው።»

አጠፋሁት።

«ከፊት፣ ከግራ ግድግዳው ሥር፣ ጋቢ የተከናነበው ሰው ይታይሻል? ይመር ነው።»

ይመር ወንድሟ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ስለ ይመር የማያውቅ የለም። ከዓመታት በፊት፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ አንድ ጎረቤቱን ገደለ። በዚያው ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደልና ተራራ ውስጥ ገባ። አንዴ በሳይንት በኩል ታየ ይባላል፣ አንዴ ከላላ ገበያ ዳር ጨው ሲገዛ ታየ ይባላል። የሟች ልጅ አራጋው ልጅነቱን የጨረሰው የአባቱን ገዳይ ሲጠብቅ ነው። የይመር ልጆች ደግሞ ብድሩ እነሱ ላይ እንዳይወጣ እየተፈራ ከብት እንኳ ርቀው አያሰማሩም ነበር።

በመጨረሻ ሸህ እንድሪስ የሚባሉ የአበጋር ሽማግሌ ነገሩን ያዙት። በእኛ አገር አበጋር ደም ያደርቃል፤ ማለትም የገዳይንና የሟችን ወገን ያስታርቃል። ከሁለቱ ቤቶች መካከል በእግራቸው ሲመላለሱ ክረምትና በጋ አለፈ። የሟች ቤተሰብ ተለምኖ ተለምኖ «ይውረድ፣ አንነካውም» ብሎ ቃል ሰጠ። ሸህ እንድሪስ ዋስ ሆኑ። ከዕርቁ በኋላ ይመር በሽማግሌዎቹ ታጅቦ እጁን ለሕግ ሊሰጥ ተስማምቷል። ቀኑ ነገ ነበር።

ነገር ግን ወጉ አንድ ጥብቅ ነገር አለው። ሽማግሌ መካከላቸው ቆሞ ፊት ለፊት ሳያቆማቸው በፊት ገዳይና የሟች ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መገናኘት የለባቸውም። ተያይተው ከተገኙ የተሰጠው ቃል ፈረሰ ማለት ነው፤ ዋሱም አይጠየቅበትም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ማንም አይናገረውም።

«እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ቤቴ ደብቄው ነበር፤ ሸህ እንድሪስ እዚያ ይደር ብለውኝ። ረፋዱ ላይ የጎረቤቴ ደጅ ኳ ሲል ብቅ ብል የአራጋው አክስት ጭነት ታራግፋለች። ገበያ መጥታ ማረፏ ነው። አጥሩ ጭራሮ ነው፣ ቢያስል ይሰማል። የት ልውሰደው? እዚህ ጨለማ ነው፤ ሰው ሰውን አያይም። የእነሱ ሰው ደግሞ የፊልም ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም።»

ይህ እውነት ነው። የአራጋው ቤተሰብ ፊልም ማየትን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ቤተሰብ ነው። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አላስብም ነበር።

«ሸህ እንድሪስ ያውቃሉ?»

«ልኬባቸዋለሁ። ገበያው ሲበተን መጥተው ይወስዱታል። ለጋሽ ሰይድ እንዳትነግሪ፤ አፋቸው አይከደንም።»

«ባዶ እጁን ነው?»

እትዬ ዘነቡ ወደ መሬት አየች። «ሽማግሌዎቹ ባዶ እጅህን ውረድ ብለውታል። ግን ያን ያህል ዘመን ያለ ሽጉጥ ተኝቶ አያውቅም። አንዴ በቀኝ ጎኑ ሲተኛ አየሁት፤ በግራው ይዞታል።»

«ተርጓሚ! ተኛሽ እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከአዳራሹ። ማይኩን አበራሁና አክተሩ ስለ እሳት እንጨት የሚለውን መናገር ጀመርኩ።

ከዚያ በረዶው መጣ።

መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ተንኳኳ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ወረደ። የራሴን ድምፅ አልሰማ አልኩ። ውጭ ገበያተኛው ሲሯሯጥ፣ አህዮች ሲያናፉ ይሰማል። ጋሽ ሰይድ በሩን በሰፊው ከፈቱ።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ራሳችሁን አድኑ። ሂሳቡን ስትደርቁ ታመጣላችሁ» አሉ። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ገባ። እህል የተሸከመ፣ ዶሮ ያቀፈ፣ ጃንጥላው የተገለበጠ። በሩ ሲዘጋ ቤቱ እንደገና ጨለመ። እኔ በስንጥቄ እያየሁ ነበርና አንድ ወጣት ከበሩ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከትከሻው ላይ በረዶ ሲያራግፍ አየሁት። አራጋው ነበር።

ላረጋግጥ ብዬ እትዬ ዘነቡን ፈለግሁ። በሩ አጠገብ ካለው ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ከታ፣ ወደ እኔ መጋረጃ ታያለች። አረጋገጥኩ።

ያቺን ቤት እንድታውቋት እፈልጋለሁ። በሯ አንድ ብቻ ነው። መስኮቶቿ ከውጭ በሳንቃ ይዘጋሉ። ፊልም ሲታይ አምፖል አይበራም፤ ያለው የስክሪኑ ብርሃን ነው። ይመር ከፊት ነው፤ ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቷል። አራጋው ከኋላ ነው፤ በመካከላቸው ሰው እንደ እህል ታጭቋል። ፊልሙ እስከሄደ ድረስ ሁሉም ወደ ስክሪኑ ያያል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ጋሽ ሰይድ መስኮቱን ይከፍታሉ። መብራት ቢጠፋም ይከፍታሉ። ስለዚህ በረዶው ቆሞ አራጋው ቀድሞ እስኪወጣ ድረስ ፊልሙ መሄድ ነበረበት።

ሌላም ነገር ነበር። ስክሪኑ ላይ ጎጆው ውስጥ ሲሆኑ ቤቱ ይጨልማል፣ ነጩ ተራራ ሲመጣ ደግሞ ቤቱ በሙሉ ይበራል፤ የእያንዳንዱ ሰው ፊት ይታያል። ተራራው በመጣ ቁጥር ዓይኔን ከይመር ጋቢ ላይ አልነቅልም ነበር። ይመር አንዴ ጋቢውን ሊያስተካክል ጭንቅላቱን ዞር ሲያደርግ ማይኩ ላይ ሳልኩ።

«ጉንፋን ያዛት» አለ አንዱ።

«እዚያ ተራራ ላይ አብራቸው ከርማ ነዋ።»

የፊልሙ ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ሲመጣብኝ ነው። ከታች ከተማ ያለው ሹም ወንድማማቾቹን በጦር ማስወረድ ሲያቅተው አንድ ቄስ ላከ። ቄሱ በረዶውን እየጣሰ ጎጆው ደረሰ።

«መሣሪያህን አስቀምጠህ ውረድ፤ ማንም አይነካህም፤ ሹሙ ቃሉን ሰጥቷል» ብዬ ተረጎምኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሸህ እንድሪስ የተናገሩትን ቃል በቃል የተናገርኩ መሰለኝ። ይመር ቀና አለ። ከዚያ በፊት ፊልሙን የሚያይ አይመስለኝም ነበር።

«ቄስ ከላከማ እውነቱን ነው» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ቄሱ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሹሙ ግን አይኑ አላማረኝም።»

ቀጥሎ የመጣው ሥዕል የከተማው ነው። ሹሙ ሰዎቹን ሰብስቦ ዝቅ ባለ ድምፅ ያዝዛል። እንግሊዝኛው በዚያች ሰዓት ብቻ ጥርት ብሎ ገባኝ። መሣሪያውን ሲያስቀምጥ ተኩሱ ነበር የሚለው።

ማይኩ አፌ ላይ ነው። በሕይወቴ ያልተባለ ነገር ተርጉሜ አላውቅም።

«ሲወርድ ጠብቁት» አልኩ። «ማንም እንዳይነካው።»

ግን ሥዕሉን እንዴት ልተርጉመው? ሰዎቹ ጠመንጃቸውን እያጎረሱ የሣር ጎተራው ላይ ሲወጡ፣ በሳንቃው ቀዳዳ አፈሙዝ ሲያወጡ ይታያል።

«ምን ይጠብቁታል፣ እያደቡለት ነው እንጂ» አለ አንዱ። «ተርጓሚዋ ዛሬ ምን ነካት?»

ቤቱ ሙሉ አጉረመረመ። ይመር ጉልበቱን ሲሰበስብ፣ ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ወደ በሩ ለማየት አንገቱን ማዞር ጀመረ። የሚያስበውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ እህቱ ወደ ጨለማ ቤት ወስዳዋለች፣ በሩ ተዘግቷል፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ በሽማግሌ ቃል የሚወርድ ሰው ሊገደል ነው። እኔ ብሆን ወጥመድ ነው እል ነበር።

አክተሩ ከተራራው መውረድ ጀመረ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ ቤቱ በራ። ልክ ያኔ በረዶው ቆመ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጸጥታው ጆሮ ይወጋ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰዉ እንደ ልማዱ ከስክሪኑ ጋር መነጋገር ጀመረ።

«አትውረድ አንተ ሰው።»

«ተመለስ፣ ጎተራው ላይ ናቸው።»

ከሁሉም በላይ ከበሩ ጎን አንድ ድምፅ ጮኸ። «አትውረድ! አትውረድ፣ ሊገድሉህ ነው!»

አራጋው ነበር። በዕድሜው የመጀመሪያ ፊልሙን እያየ ነበር፤ አንገቱ ተገትሮ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ አንድ የማያውቀውን ፈረንጅ ነፍሰ ገዳይ ይለምን ነበር።

ይመር ቆመ። በኋላ እትዬ ዘነቡ እንደነገረችኝ የአራጋው ድምፅ ቁርጥ የአባቱ ነው። ያን ድምፅ በጨለማ ውስጥ ከጀርባው ሲሰማ ይመር ምን እንዳሰበ እሱ ብቻ ያውቃል። ቆሞ ዞረ። ጋቢው ከራሱ ላይ ተንሸራተተ። የበረዶው ተራራ ብርሃን በአራጋው ፊት ላይ ነበር፤ ይመር ሲዞር ደግሞ ጎኑን አበራው። የሌላው ሰው ዓይን ስክሪኑ ላይ ነበር፤ አራጋው ግን አየው። የሚጮኸው አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

መናገር አቆምኩ። ስክሪኑ ላይ ሰዎቹ በእንግሊዝኛ ብቻ ይነጋገራሉ።

«ምን አለ? ተርጓሚ፣ ምን አለ?»

ከመጋረጃው እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ማይኩ በእጄ ነበር። ስክሪኑ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት፤ ጥላዬ በሰዉ ላይ ወድቋል። ቤት ሙሉ ዓይን አየኝ።

«እንዴ፣ ይቺ ናት እንዴ? የእነ እማማ አስካለ ልጅ አይደለችም?»

«ከፊት ዞር በይ፣ ሊሞት ነው እኮ።»

ጉሮሮዬ ተዘጋ። ያው የማውቀው መዘጋት ነበር፣ የቃለ መጠይቁ። ይመርን ስም ጠርቼ መናገር አልችልም፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ካወቀ ነገሩ አለቀ። ሁለቱ ብቻ የሚገባቸውን ነገር መናገር ነበረብኝ።

«ይሄ ሹም» አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ እንደገና ጀመርኩ። «ይሄ ሹም ውሸታም ነው። ስተረጉም እኔም ዋሸኋችሁ፤ ሲወርድ ተኩሱበት ነው ያለው። ግን ቃል የሰጠው ሹሙ ነው። እኛ አገር ቃል የሚሰጠው የሟች ቤት ነው። አሁን ከኋላ ሆኖ፣ አትውረድ፣ ሊገድሉህ ነው ብሎ የጮኸውን ሰው ሰምታችሁታል። እኔ ከዚህ ሆኜ ፊቱን አይቼዋለሁ። ያ ሰው የማንንም ሞት አይፈልግም።»

«ምንድን ነው የምትለው?» አለ አንዱ ለጎረቤቱ።

«ፊልሙን እያብራራች ነው።»

ዓይኔ አራጋው ላይ ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዱላው በእጁ ነው። ይመርን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ዞረ። ፊቱን ከግድግዳው ጋር አገናኝቶ፣ ግንባሩን ጭቃው ላይ አሳርፎ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጠ።

«እኔ በረዶ ሸሽቼ ነው የገባሁት» አለ ለግድግዳው። «ማንንም አላየሁም።»

ሰዉ ሳቀበት። «ምነው፣ ፈራህ እንዴ? አክተር አይሞትም፣ አይዞህ።»

አራጋው አሁንም ለግድግዳው፣ «ከበሩ ላይ ዞር በሉ። መውጣት የሚፈልግ ሰው ካለ ይውጣ» አለ።

እትዬ ዘነቡ ሰዉን እየገፋች ደረሰችና የወንድሟን ክንድ ያዘች። ጋቢውን አለበሰችው። በተጨናነቀው ሰው መካከል አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ወደ በሩ ሄዱ። የይመር ቀኝ እጅ አሁንም ጋቢው ውስጥ ነበር። በሩ ጋ ለመድረስ በአራጋው ጀርባ በኩል፣ ሊነካው በሚችልበት ቅርበት ማለፍ ነበረበት።

እዚያ ሲደርስ ስፒከሩ ውስጥ ጥይት ተተኮሰ።

ረስቼው ነበር። ፊልሙ ከኋላዬ እየሄደ ነው። አንድ፣ ከዚያ ብዙ፣ እየተከታተለ፤ ጋሽ ሰይድ ለበረዶው ብለው ድምፁን እስከ ጣሪያ አድርሰውታል። የይመር ክንድ ጋቢው ውስጥ ሲወጠር፣ እትዬ ዘነቡ በሁለት እጇ ስትጠመጠምበት አየሁ። የአራጋው ጀርባ እንደተገረፈ ፈረስ ዘለለ። ደመኛው ከኋላው እንደቆመ ያውቃል፣ ተኩሱ በጆሮው ውስጥ ነው፤ እኔ በልቤ አሁን ዞረ አልኩ። አልዞረም። ጣቶቹ የግድግዳውን ጭቃ ቧጠጡት እንጂ አልዞረም።

ተኩሱ አበቃ። ይመር እጁን ባዶውን ከጋቢው አወጣ። ለዚያ ጀርባ፣ ለማያየው ሰው፣ እጅ ነሣ፤ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ነጭ ብርሃን ገባ፣ ተዘጋ።

«ሞተ እንዴ?» አለ አንድ ሰው ወደ ስክሪኑ እያየ። «ሳናየው አክተሩ ሞተ?»

ሁሉም እኔን ሲያይ አክተሩ ሞቶ ነበር። ጋሽ ሰይድ ወደ ኋላ መልሰው ሊያሳዩ ቃል ገቡ። እኔ ማይኩን ሰጥቻቸው ወጣሁ፤ መንገዱ ላይ በረዶው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር፣ የሰው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ዕርቁ ሲደረግ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ይመር ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣ። አራጋው ከአጎቶቹ መካከል ነበር። ሸህ እንድሪስ ከምርቃቱ በፊት ወጉ እንደሚያዘው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«የሟች ልጅ፣ ቃል ከሰጣችሁ ወዲህ ይህን ሰው በዓይንህ አይተኸዋል?»

እትዬ ዘነቡ እጄን ጨመቀችው። አራጋው ወደ ማንም አላየም።

«አላየሁትም» አለ። ሄዶ ድንጋዩን ከይመር አንገት ላይ አነሣለት።

ይመር የዚያኑ ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር እጁን ሰጠ። ተፈርዶበት እስሩን እየጨረሰ ነው። ልጆቹ አሁን ከብት ርቀው ያሰማራሉ።

እኔ ምን ተለወጥኩ? ዓይናፋርነቴ ለቆኛል ብላችሁ ውሸት ነው። አሁን አስተማሪ ነኝ፤ በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ልዩነቱ፣ አሁን እስኪከፈት ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ጥንቃቄ ማለትም ዝም ማለት ይመስለኝ ነበር። አራጋው ፊቱን ያዞረበት መንገድ ከማውቀው ጥንቃቄ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ጎበዝ ሲባል በሰማሁ ቁጥር በዓይኔ የሚመጣው ያ ጀርባ ነው። አንባቢዎቼ፣ እናንተም ምናልባት እንዲህ ያለ ጀርባ አይታችሁ ሳታውቁት አልፋችሁ ይሆናል።

ባለፈው በጋ ከአራጋው ጋር ወፍጮ ቤት ተገናኘን። ተራ እየጠበቅን ነበር። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ተነጋግረን አናውቅም።

«እንዳየሁት አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ፣ ጆንያውን እያሰረ።

«አውቃለሁ።»

«ለሰው ነግረሻል?»

«ለማንም። አንድ ቀን ልጽፈው ግን እፈልጋለሁ፤ አንተ ከፈቀድክ።»

ጆንያውን አስሮ ጨረሰ። ወፍጮው እየጮኸ ስለሆነ ያልሰማኝ መስሎኝ ነበር።

«ጻፊው» አለ። «ሸህ እንድሪስም አልፈዋል፤ አሁን የሚፈርስ ነገር የለም። ግን አንድ ነገር ጨምሪበት። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ የሚመጣብኝ ሰውዬ በር የማይበቃው ግዙፍ ነበር። ያን ቀን ሲዞር ያየሁት ሽበታም፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ጋቢው የተቀደደ ሽማግሌ ነው። ጨክኜ ወይ ራርቼ እንዳይመስልሽ ወደ ግድግዳው የዞርኩት። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ሰው ከእኔ ይበልጥ ሲፈራ ማየት አሳፍሮኝ ነው።»